ስለ ጋሼ እጅ የተናገረችው

ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። በአንድ የግል ክሊኒክ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ጀሶ ስታቦካና ሰም ስትቀርጽ አሥራ አንድ ዓመት አሳልፋለች። ሙያውን ያስተማሯት ጋሼ የምትላቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ከተዛወሩ ሰነባብተዋል፤ ግን አልረሷትም። ሥራ ሲበዛባቸው «አንዲት ልጅ አለችኝ፣ እጇ ወርቅ ነው» ብለው ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ነገሩላት። ተፈተነች፣ አለፈች፣ የቅጥር ደብዳቤም መጣላት።

ደሞዙ ግን ከምታገኘው ብዙም ፈቅ አላለም። ባሏ ከሥራ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የቤት አከራያቸውም ምሕረት አያውቅም። ለጋሼ ደውላ ብታማክራቸው፣ ቶሎ ብለሽ እንዳትፈርሚ አሏት። ሲሶ ጨምረሽ ጠይቂ፣ ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ ዝም በይ፣ እነሱ ይናገሩ አሏት።

እንደተመከረችው አደረገች። ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ሻይ አዘዘላት። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ የጥርስ ክፍሉ በጀት ውስን እንደሆነ፣ ያለችውን ከከፈላት ሁለት ሰው መያዝ እንደማይችል አስረዳት።

«ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸው፣ በደንብ ያውቋቸዋል» አለ። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል የሚባለው እውነት ነው? አይንቀጠቀጥም ካሉኝ በመጀመሪያው ደሞዝ እንፈርማለን፣ እሳቸውም ይቀጥላሉ። ይንቀጠቀጣል ካሉኝ የጠየቁት ይሆናል።»

የጋሼ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም። ለፈተናው የመጣች ቀን እንኳ የፊት ጥርስ በሰም ሲቀርጹ አጠገባቸው ቆማ በልቧ ስትቀና ነበር። ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረች፤ ረጅም ጊዜ አማሰለችው።

«ትንሽ ይንቀጠቀጣል» አለች።

«ትንሽ?»

«ይንቀጠቀጣል።»

እዚያው ፈረመች። ጋሼ በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ «በባለሙያ አስተያየት መሠረት» ይላል እንጂ የማን አስተያየት እንደሆነ አይልም። ቁልፉን ያስረከቧት ራሳቸው ናቸው። የትኛው ምድጃ ከልክ በላይ እንደሚግል፣ የትኛው መሳቢያ ገፋ ካላደረጉት እንደማይከፈት አንድ በአንድ አሳዩዋት። ሲጨርሱ እጃቸውን መብራቱ ሥር ዘርግተው አዩት። በዚያች ሰዓት በርግጥም ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ዕቃ የምትፈልግ መስላ አጎነበሰች።

ወር ሳይሞላ ባለቤታቸው ደወሉላት። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ሲያዩ እንደሚውሉ፣ ሰው ፊት ብርጭቆ ማንሳት እንኳ እንደፈሩ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ አለቃው አንቺን ይሰማል አሉ። እባክሽ አንድ ነገር በይልን» አሏት።

«እሺ እትዬ፣ ነገ እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን ደረጃ ላይ አገኘችው። ሥራ እንዴት ነው ዓይነት ነገር ጠየቃት። ደህና ነው ብላ አለፈች። ከዚያ ወዲህ የእትዬን ስልክ አታነሳም።