ከመርከብ የወረደችው እህቴ

ባለፈው ሰመር፣ ቅዳሜ ጠዋት... ታወር ኦፍ ለንደን የሚባለው ጥንታዊ ግንብ አጠገብ ቆሜ እህቴን እጠብቃለሁ።

ሰናይት ታናሼ ናት። እኔ ከምርጫ 97 በኋላ ወደዚህ ስሰደድ ገና ተማሪ ነበረች። በኋላ እሷም ስዊድን ገባች፤ ግን ኑሮ ነውና በአካል ሳንገናኝ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ኤፍሬም የሚባል ያገራችንን ሰው አገባች። ለጋብቻቸው አንደኛ ዓመት ብሎ የመርከብ ሽርሽር ቡክ ያደረገው እሱ ነው። መርከቡ ለንደን አቅራቢያ ቲልበሪ ወደብ ሲቆም ተሳፋሪዎቹ በአውቶቡስ መጥተው ለንደንን በአስጎብኚ ዞር ዞር ይሉና ማታ ይመለሳሉ። እኔም የሥራ ሺፍቴን ከሌላ ሰው ጋር ስዋፕ አድርጌ ከምኖርበት ከቶተንሃም በጠዋት ወጣሁ።

አውቶቡሱ ደረሰ፣ ሰናይት ወረደች። ከስታለች። ሳቅፋት ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና ወዲያው ለቀቀችኝ። ባሏ ከኋላዋ ቆሟል።

«እንዴት ነዎት ሂሩት?» አለኝ። ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው። በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም፤ እሱ ግን አንቱ አለኝ።

አስጎብኚዋ ሸምገል ያለች እንግሊዛዊት ናት። እህቴ መሆኗን ስነግራት «ጉብኝቱ በእግር እስከሆነ ድረስ አብረሽን ሂጂ» አለችኝ። ስለ ግንቡ፣ እዚያ ታስረው ስለነበሩ ሰዎች እየተረከች ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እኔ የማየው እህቴን ነው።

«መርከቡ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ወዳዋለች» አለ ኤፍሬም።

«ምነው ከሳሽ?»

«ምግቡ አልተስማማትም» አለ አሁንም እሱ።

ፎቶ እንነሳ ብዬ ስልኳን ስጠይቃት ከእሱ ኪስ ወጣ። ከግንቡ አጠገብ ያለው የወንዙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ ጠርዙ ሄዶ ወንዙን ፎቶ ያነሳል። ሰናይት ክንዴን ይዛ መሃል ላይ ቀረች።

ከዚያ ቡድኑ አንድ ካፌ ጋ ትንሽ አረፈ። ሽንት ቤት ልሂድ አለችና አብሬያት ገባሁ። በሩ ከኋላችን እንደተዘጋ እጄን ያዘችኝ።

«ሂሩትዬ፣ እኔ ወደዚያ መርከብ አልመለስም።»

«ምን ሆነሽ? ይመታሻል?»

«አንድም ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።»

«ታዲያ?»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክፍላችን በረንዳ አለው። ሲመሽ መብራቱን ያጠፋና ነይ ባሕሩን እንይ ይለኛል። እምቢ ስለው አይቆጣም። በሩን ከፍቶ፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል... ዋና እንደማልችል ያውቃል።»

እስቲ አስቡት፣ ባል ሚስቱን ባሕር እንይ ቢላት ምን ክፋት አለው? ስንወጣ በሩ ላይ ኮቷን ይዞ ቆሟል። «ደህና ናት?» አለ። የጠየቀው እኔን ነው።

ያም ሆነ ይህ፣ አስጎብኚዋን ወደ ጎን ወሰድኩና አንድ ተሳፋሪ ወደ መርከቡ ባይመለስ ምን እንደሚደረግ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ።

«ስለ እህትሽ ነው? ባለቤቷ ጠዋት ነግሮኛል፣ እጅግ አዝኛለሁ። አእምሮዋን እንዳመማት፣ ሁለት ሌሊት ከበረንዳው ልትዘል ስትል ደርሶ እንደያዛት ነግሮኛል። ‹እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ ምን ትሆን ይሆን› ብሎ አለቀሰ። ለመርከቡ ሐኪምም አሳውቋል።»

የቱን ልመን? ለካ ሰናይት ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። ከንፈሯ አመድ መሰለ።

«እኔ በረንዳው ላይ እግሬን አሳርፌ አላውቅም» አለች።

ላንጋኖ የሄድንበት ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ ስንንቦጫረቅ እሷ ውሃው እንዳይደርስባት ርቃ፣ የሁላችንን ጫማ ታቅፋ ነበር የምትውለው። ውሃን እንዲህ የምትፈራ ልጅ ናት በጨለማ የመርከብ አጥር ላይ የምትንጠለጠለው?

ልጅቷ በቁሟ ሳለች፣ መርዶዋ ቀድሟት ለመርከቡ ሐኪም ሳይቀር ተነግሯል።

ለአስጎብኚዋ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ሰናይትን ትኩር ብላ አየቻትና ፖሊስ ጠራች። የመጣችው ፖሊስ ሰናይትን ለብቻዋ አነጋገረቻት። «መመለስ ትፈልጊያለሽ?» «አልፈልግም።» አለቀ፤ ትልቅ ሰው ናት፣ ማንም አያስገድዳትም።

ኤፍሬም ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ለምን እንኳ ብሎ አልጠየቀም። ኮቷን አልብሷት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈላት።

«ብርድ እንዳይመታሽ» አላት። ወደ እኔ ዞረና «አደራ ሂሩት፣ ሐኪም ያሳዩዋት፤ ብቻዋን አይተዋት» ብሎኝ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ሲሄዱ በመስኮቱ እጁን አውለበለበልን።

ሰናይት አሁን እኔ ጋ ናት። መብላት ጀምራለች፤ መብራት ሳይበራ ግን አትተኛም። ፖሊሶቹ ቃሏን ተቀብለዋል፤ ነገር ግን የተፈጸመ ነገር ስለሌለ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ነው ያሉን።

እሱ በየእሁዱ አዲስ አበባ ለእናታችን ይደውላል። «ተሻላት ወይ?» እያለ ያለቅሳል አሉ። እማዬም እኔን ትቆጣለች፤ «እንዲህ የሚጨነቅ ባል ከየት ይገኛል? አስታርቂያቸው እንጂ» ትለኛለች።

መጨነቁንስ ይጨነቃል... የሚያስጨንቀው ግን በሕይወት መኖሯ ይመስለኛል።