አማቼ «ተቀበል!» ያሉ ዕለት

በዘፈን የሚሠሩትን የጥንት የብሮድዌይ ቲያትሮች ስወድ ለጉድ ነው። ሚስቴ «የፈረንጅ ሽማግሌ ሆንክ እኮ» ትለኛለች። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከደሴ አሜሪካ ድረስ ሊጠይቁን የመጡትን አባቷን ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድቼ ከነዚህ ቲያትሮች አንዱን ላሳያቸው አስገባኋቸው። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር።

መድረኩ ላይ አንድ ሰውዬ ከሚወዳት ልጅ ጋር ያወራ ያወራና፣ መቼ እንደጀመረ ሳናውቅ እየዘፈነ ነው። የነዚያ ቲያትሮች ደራሲዎች ችሎታ እዚህ ላይ ነው፤ ዘፈኑ ከወሬው ውስጥ ይበቅላል። ዘፋኙ አረፍ ብሎ ኦርኬስትራው ብቻውን ሲቀር፣ አማቼ አዝማሪ ቤት እንዳሉ ሁሉ ብድግ አሉ፦

«ተቀበል!
ወሬ ሲያወራ ነው ዘፈን የጀመረው፣
ንግግሩን ማን ነው በማር የነከረው?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከፊታችን የተቀመጠች ፈረንጅ ሴትዮ ዞረች። ልትቆጣ ነው ስል «ምን አሉ?» አለችኝ። ግጥሙን ተርጉሜላት፣ እኛ አገር ለዘፋኝ ግጥም የሚሰጠው «ተቀበል» ተብሎ እንደሆነ ነገርኳት። ቃሉን ለብቻዋ ስትለማመድ ሰማኋት።

ወደ ማብቂያው ያው ዜማ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ዝግ ብሎ፣ ሁለቱ ሲለያዩ። ዘፋኙ አረፍ ከማለቱ ሴትዮዋ ተነስታ «ተከበል!» ብላ ጮኸች።

አማቼ እንባቸውን እየጠረጉ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት።

«ኧረ ዝም በይ ልጄ! አሁንማ ለቅሶ ላይ ነን።»