በዋልካ ላይ ያቀጠንኩት ኮንክሪት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ኖሬ ይችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። አንተ የምታነበኝ፣ ዛሬ እንኳ ስማኝ።

በደርግ ዘመን ዳባት አጠገብ ለአንድ የገበሬ ማኅበር የእህል መጋዘን እንዳሠራ ተመደብኩ። ዲፕሎማዬ ትኩስ ነበር፣ ትዕቢቴም እንደዚያው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሬ፣ በብረትና በኮንክሪት ሞልቼ፣ መጋዘኑን በነዚያ ላይ ላቆም አሰብኩ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ።

ነሐሴ ላይ ጉድጓዶቹ ውሃ ቋጠሩ። እኔ ደግሞ መሠረቱ ለአብዮት በዓል ያልቃል ብዬ በስብሰባ ፎክሬያለሁ። ኮንክሪቱ ወፍሮ አልወርድ ሲለኝ ውሃ አስጨመርኩበት። ግንበኛው አያ ተገኘ፣ የቤተ እስራኤል ሰው፣ አካፋቸውን አቁመው፦

«ልጄ፣ ይህ እኮ አጥሚት ነው። አጥሚት ለአራስ እንጂ ለቤት አይሆንም። ውሃውን ቀድተን እናውጣ፣ ሲሚንቶ እንጨምርበት፣ በቱቦ ከታች ጀምረን እንሙላው» አሉኝ።

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ግንበኛ እኔን ያስተምረኝ? «ዝም ብለው ይሥሩ!» አልኳቸው። አጥሚቱን አፈሰስነው።

በሁለተኛው ክረምት የመጋዘኑ አንድ ማዕዘን ሰመጠ፤ ግድግዳው ተተረተረ። ሰው ምን አለ? «የተገኘ ዓይን ነው፤ ቡዳ በላው» አለ። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ያቀጠንኩት እኔ፣ ውሃ ያስጨመርኩት እኔ፣ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ግንብ የሚያሠራቸው ጠፋ። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እስራኤል ሲሄዱ እንኳ ደኅና ግቡ አላልኳቸውም። ባለማወቅ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም፤ ነግረውኛል።

ሰሞኑን ልጃቸው የአባቷን አገር ልታይ፣ እኔም ትዳር ይዤ ወደቀረሁበት ወደ ዳባት መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። አልሰደበችኝም፤ ስልክ ደውላ ከአባቷ አገናኘችኝ። አያ ተገኘ ሰማንያን አልፈዋል። እስክጨርስ ጠበቁኝና «ይቅርታው ይቆይ። መጀመሪያ ለአገሩ ሰው ንገር» አሉኝ።

ትናንት በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና «እኔም ያን ጊዜ ዓይኑ ነው ብያለሁ። ስትደውል የኔንም ንገርልኝ» አሉ። ሌላ ሰው ተነሣ፤ ደግሞ ሌላ። ከስንት ዓመት በኋላ ደረቴ ቀለለኝ፤ አለቀስኩ።

ዛሬ እደውላለሁ። አያ ተገኘ ይቅር ካሉኝ እሰየው። ካላሉኝም እውነት አላቸው፤ ስማቸው ግን በአገራቸው ነጽቷል።