ሦስት ቁጥር ቀፎ

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። ለትምህርት ቤት የጻፈችውን ድርሰት በስልኳ ላለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስነብባው «እጅግ ድንቅ ነው» ብሏታል። ቀጥላ ሆን ብላ ጭራና ቀንዱ የማይታወቅ ነገር ጻፈችለት፤ እሱንም አደነቀላት። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ጠባዩን እንደሚያጠኑ አነበበችልኝ፦ ማሽኑ የሚማረው ሰዎች ከሚሰጡት ምልክት ነው፤ ሰው ደግሞ መመስገን ስለሚወድ፣ ቀስ በቀስ አጨብጫቢ ይሆናል። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። አመሌ ነው፤ ሐሳብ ሲነካኝ ቁጭ ማለት አልችልም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስመላለስ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። የሆንኩትስ የዛሬ ሃያ ዓመት ነው፣ ቆቦ ላይ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጥቅምት እያለቀ ነው፤ ከዞብል ተራራ ሥር እስከ አስፓልቱ ድረስ ሜዳው ሁሉ ማሽላ ለብሷል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጥንቅሽ በጥርሳችን እየላጥን ነበር የምንሄደው፤ ልጣጩ ከንፈሬን ያልሰነጠቀበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደሴ ላይ የሚሸጠውን ሞክሬዋለሁ፤ ውኃ ነው። ቤታችን ከአስፓልቱ ዳር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲያልፍ አያለሁ። ረዳቶቹ «ወልድያ! ደሴ!» እያሉ ሲጣሩ እግሬ ይበላኛል። እናቴ ያለ በቂ ምክንያት የትም አትሰደኝም ነበር፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከጎረቤታችን ከተማ ከጎብዬ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

የሒሳብ መምህራችን ያለ ኮምፒውተር የሚማር ማሽን መሥራት እንደሚቻል የነገረን በዚያ ሰሞን ነው። ጨዋታው ቀላል ነው። አሥር ጠጠር ይደረደራል፤ ሁለት ተጫዋቾች በየተራ አንድ ወይም ሁለት ጠጠር ያነሣሉ፤ የመጨረሻዋን ጠጠር ያነሣ ተሸነፈ። ሁልጊዜ የሚጀምረው ሰው ነው፤ ማሽኑ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈባቸው ስምንት የክብሪት ቀፎዎች ናቸው፤ በየቀፎው ነጭና ቀይ የማሽላ ፍሬ እኩል ይጨመራል። አምስት ጠጠር ቀርቶ ተራው የማሽኑ ከሆነ፣ አምስት ቁጥር ቀፎ ተንጦ ዓይን ተጨፍኖ አንድ ፍሬ ይወጣል። ነጭ ከሆነ አንድ ጠጠር፣ ቀይ ከሆነ ሁለት ይነሣል። ማሽኑ ካሸነፈ ፍሬው ወደ ቀፎው ተመልሶ አንድ ቢጤው ይጨመርለታል፤ ከተሸነፈ ፍሬው ይጣላል። እንዲህ እያለ መጥፎው ያልቃል፣ ጥሩው ይበዛል። መምህሩ «የሚማረው በመሸነፍ ነው» ብሎን ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሥራ ተመርጦ ወልድያ ለሚደረገው የሳይንስ ኤግዚቢሽን ይሄዳል ተብሏል፤ እዚያ ደግሞ ተማሪ የሚነካው ኮምፒውተር አለ። ማሽኔ ከመምህሩ ጋር ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስቱንም ካሸነፈ የምሄደው እኔ ነኝ። ኮምፒውተር በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሽኔን ማስተማር ነበረብኝ።

የማስተምርበት ቦታ አላጣሁም። ጎረቤታችን አያ ካሕሳይ ከአላማጣ መጥተው ቆቦ የከተሙ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ «ጓለይ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ለማለት። በረንዳቸው ላይ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዚፕ የሚያስቀይር ደንበኛ አይጠፋም። ቀፎዎቼን አግዳሚው ላይ ደርድሬ ያገኘሁትን ሁሉ አጫውታለሁ፦ የሮቢት ገበሬ፣ መምሪያ ቤት የሚሠራ ጸሐፊ፣ መኪና የተበላሸበት ሾፌር። ሥራ ሲቀዘቅዝ አያ ካሕሳይ ራሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው ይገጥማሉ።

ማሽኔ ያሸንፍ ጀመር። በሳምንቱ ከአሥር ዘጠኙን የሚረታ ሆነ። አያ ካሕሳይ «በላኝ እኮ ይኼ ክብሪት» እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ። እኔ በየቀፎው ፍሬ መጨመር እንጂ መጣል ረሳሁ። ደስታው አላስተኛኝ፣ አላስበላኝ አለ፤ በሐሳቤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወንበር ሁሉ መርጬ ነበር።

የፈተናው ቀን ክፍሉ በተማሪ ተሞላ። የመጀመሪያውን ማሽኔ አሸነፈ፤ ተጨበጨበ። በሁለተኛው ሦስት ጠጠር ቀርቶ ተራው የማሽኑ ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት ያነሣ ጨዋታውን አሸነፈ፣ ሕፃንም ያውቀዋል። ሦስት ቁጥር ቀፎን ናጥኩ፤ ነጭ ወጣ። አንድ አነሣሁ፣ መምህሩም አንድ አነሣ፣ የመጨረሻዋ እኛው ላይ ወደቀች። በሦስተኛው ጨዋታ ያው ቀፎ ያንኑ ነጭ ሰጠኝ። መምህሩ ቀፎውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ገለበጠው። ሞልቶ የፈሰሰው ሁሉ ነጭ ነው፤ ቀይ ሁለት ፍሬ ብትገኝ ነው።

«ይህንን ማን አስተማረው?» አለኝ።

መልሱን እዚያው ቆሜ አወቅኩት። ሁለት ጠጠር ሲቀር አያ ካሕሳይ ሁለቱንም ጥርግ አድርገው አንሥተው ይሸነፉ ነበር፤ እኔም ለነጩ ቢጤውን እጨምርለታለሁ። ጸሐፊውም፣ ሾፌሩም። እኔ ደግሞ ሞኝ ተጫዋቾች መስለውኝ ነበር። ወልድያ የሄደው ከጉድጓድ ውኃ መሳቢያ የሠራ ልጅ ሆነ።

በቀጥታ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። ሲሮጡ የመጣ ንዴት ደግሞ ቃል አይመርጥም።

«አያ፣ እያወቁ ነው የተሸነፉልኝ?»

ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ። «ታዲያ ምን ላርግ ጓለይ? ይኼ ሽማግሌ ተሕፃን ልጅ ጋር ተጫውቶ ረታ እንዲሉኝ ነው?»

«ሌሎቹስ?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ልጅቷ ወልድያ ልትሄድ ነው፣ አታስከፏት አልኩ።»

«አስቀሩኝ እኮ! ወልድያ ያስቀሩኝ እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። መርፌውን ከጨርቁ ላይ ነቅለው አስቀመጡ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ቀፎሽን አምጪ። አሁን አላዝንልሽም» አሉ።

አላዘኑልኝም። ያን ቀን ከሰዓት ሥራቸውን ትተው ማሽኔን ደጋግመው ቀጡት፤ ደንበኛ ቢጠራቸውም አልተነሡም። ነጩ ፍሬ ከሦስት ቁጥር ቀፎ አንድ በአንድ ወጣ፤ ዶሮዎቻቸው ለቀሙት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሽኔ አሸነፋቸው። ቀጥሎም አሸነፋቸው። «እውነቴን ነው፣ ረታኝ» አሉ።

ጠጠሮቹን እንደገና ደርድሬ እያንዳንዱን እርምጃቸውን ከመጀመሪያው ቆጠርኩ። እውነታቸውን ነበር። እኔ ስቆጥር ግን ፊታቸውን አላየሁም፤ ምን ተሰምቷቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ መቁጠር አልተውኩም። ባሌ ወጡ ጣፈጠ ሲለኝ ድስቱን አያለሁ። ተማሪዎቼ ገባን ሲሉኝ ጥያቄ እጨምርባቸዋለሁ። አለቃዬ ሥራዬን ያመሰገነኝ ቀን ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እውላለሁ። ይህ አመል ሒሳብ አስተማሪ አድርጎኛል፤ እንጀራዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አድክሞኛል።

እሑድ ዕለት ወዲያ ወዲህ ማለቱ ሲበቃኝ ለአያ ካሕሳይ ደወልኩላቸው። ዓይናቸው ደክሞ መርፌ ትተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሁሉን ስለሚያደንቀው ስልክ ስነግራቸው «እንደኔ ያለ ሰው አስተምሮት ነዋ» ብለው ሳቁ። ከዚያ እናቴ የልጄን ፎቶ እንዳሳየቻቸው አወሩልኝ። «ደግ አድርገሽ አሳድገሻታል፣ ጓለይ» አሉኝ።

ቃላቸውን አንድ በአንድ አገላበጥኩት።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እየቆጠርኩ ነው፣ አያ» አልኳቸው፤ እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት።

እሳቸው አልሳቁም። ከወዲያ የሚያልፍ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማኛል። መኪናው ካለፈ በኋላ፣ «እኔ ያበላሸሁት ያን ቀፎ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ።