ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት ክስ

ጋሼን ቆቦ ላይ ቀበርናቸው። እንግሊዝኛ አስተማሪ የነበሩት አጎቴ ናቸው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያ የድሮ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር "ታላቅ ሰው ነበሩ" እያለ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ ሳየው ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተጀመረ ዓመት ጋሼን ማብሪያ ማጥፊያ ተጫኝ ያደረጋቸው እሱ ነው። እኔም ተማሪያቸው ነበርሁ። አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ሰውዬ፣ ሌላ ሰው ያለውን ስናወራ በእንግሊዝኛ ከ"ሴድ" በኋላ "ዊል" ሳይሆን "ዉድ" እንደሚባል በጥድፊያ ነግሮን አለፈ። ማናችንም አልገባንም። ጋሼ አጠፉት።

"ይኼ ሣጥን አልገባኝም ብትሉት ይሰማችኋል? ነገም አጠፋዋለሁ!" አሉና ጠመኔ አነሱ።

ርዕሰ መምህሩ ለወረዳ ሊከሳቸው ፈለገ። እንዲከብድለት ክሱን በእንግሊዝኛ እንድጽፍ የክፍል አለቃውን፣ እኔን፣ አዘዘኝ። ጻፍሁ። በገዛ አጎቴ ላይ ፈረምሁ።

ጋሼ ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ አገኙት። ጥፊ ስጠብቅ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው መዘዙ። "ነገም አጠፋዋለሁ አሉ" ብዬ የጻፍሁበት ላይ "ዊል" የምትለዋን ሰርዘው "ዉድ" አደረጓት።

"መክሰሱን ክሰስ። የእኔ ተማሪ ግን እንዲህ አይጽፍም። ገልብጠህ አስገባ።"

ገልብጬ አስገባሁ። ከክፍል አስወጧቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ሲያራግፉ ኖሩ።

አሁን የምጽፈውን የሚያርምልኝ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ጠጋ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። አልተፋሁበትም። ተቀመጥሁ።