ያልገባው ሰው አያለቅስም

የታሰርንበት ቤት ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው አይደለም፤ ጥጥ ነው። ብናኙ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው ማገር፣ ከእስረኞቹ ፀጉርና ቅንድብ ላይ ተጣብቆ ሁሉም የሸበተ ይመስል ነበር። የአርባ ምንጭን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ጧ ጧ ይላል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ጥጡ በላቡ ላይ ይለጠፋል።

እኔን ያመጡኝ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ ሰው ቤትህ ሰብስበህ አስጸልየሃል ብለው ነው። እውነት ነው፣ አስጸልያለሁ። አጠገቤ የነበረው ሰው ግን የታሰረው በዘፈን ሸክላ ነው። ከሰሜን የመጣ መምህር ነበር፤ ቀጭን፣ የመነጽሩ አንድ እጀታ ተሰብሮ በክር የታሰረ። ቤቱ ሲፈተሽ የጣሊያን ሸክላ ተገኘበት።

"በዘፈን የሚሠሩት ቲያትር ነው፣ ጋሼ" አለኝ። "ጣሊያኖቹ ራሳቸው እንኳ ረስተውታል። እነዚህ ግን የወንበዴ መልእክት አለበት ይላሉ። የሚተረጉምላቸው ሰው ስላጡ ነው እንጂ እስካሁን ፋይሌን ዘግተውት ነበር።"

ፋይሉ የተዘጋ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ስሙ ይጠራል፣ ዕቃውን ትቶ ይወጣል፣ አይመለስም።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በወጣትነቴ መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ነበርኩ። ከቋንቋው የማውቀው የመኪና ዕቃ ስምና አምስት ስድስት ስድብ ነው። ከተማ ውስጥ ግን "እኔ እኮ ጣሊያንኛ አቀላጥፋለሁ" እያልኩ ስንት ዓመት ጉራዬን ነዛሁ። ጉራ ደግሞ እግር አለው፤ ሄዶ ሄዶ እስረኛ የሚመረምረው ካድሬ ጆሮ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የመምህሩ ሸክላ ማጫወቻ ተቀምጧል።

"ጣሊያንኛ ትችላለህ አሉ።"

"ትንሽ ትንሽ፣ ጓድ።"

"ጓድህን እዚያው ጸሎት ቤትህ ፈልግ! ቁጭ በል። ስማና ምን እንደሚል ትነግረኛለህ።"

ለምን አልችልም አላልኩም? አንደኛ፣ ወንበር ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ ለሰነበተ ሰው ወንበር ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ መልካም መልካሙን ተናግሬ መምህሩን አስወጣዋለሁ የሚል ሞኝነት ነበረብኝ።

ሸክላው መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ መጣ። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? እኛ ጋሞዎች ስንዘፍን ሁሉም አንድ ዓይነት አይልም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ከላይ ይቀበለዋል፣ ሌላው ከሥር እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። ይኼ የእኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ሸክላ ላይ ግን ብዙ ሕዝብ እንደዚያው ተቀባበለ። ከዚያ ባንዴ ዝም አሉ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀረች። አልጮኸችም። ዝቅ ብላ ጀመረች፣ ማዕበል ሳይነሣ ማለዳ ጫሞ ላይ እንደሚሄድ ጀልባ ቀስ ብላ ሄደች። ከባድ ነገር ተሸክማ የምታስቀምጥበት ቦታ ያጣች ትመስል ነበር። ራሴ ሳላዝዘው ይወዛወዛል። እንባዬም ወረደ። እስረኛ መሆኔን ረስቼ ነበር።

ካድሬው መርፌውን አነሣ።

"እሺ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ባንድ ላይ ምን እያለ ነው?"

"የፍቅር ነገር ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ አትበለኝ። ቃል በቃል!"

"እውነቱን ልንገርዎት፣ ቃሉ አይገባኝም። እኔ የማውቀው የመኪና ዕቃ ስም ነው። የገባኝ ዜማው ነው።"

"አሁን ስታለቅስ አልነበር?"

"አለቀስኩ።"

"ያልገባው ሰው አያለቅስም" አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። "ሕዝብ ባንድ ላይ ከጮኸ ሰልፍ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ታነሣሣለች። ገብቶሃል፤ ልትሸፍንለት ነው።"

ጻፈው። አነበበልኝም፤ ምስክሩ ሰምቶ በእንባ አረጋግጧል ይላል። የማኅተሙን ቀለም አቀረበልኝ። እጄን ጨበጥኩ። ሁለት ጠባቂዎች ጠራ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቁና አውራ ጣቴን ወረቀቱ ላይ ተጫኑት። ብዙም አልመቱኝም። አላስፈለጋቸውም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ገና ቀን ነው። በእኛ በጋሞ ጎሜ የሚባል አለ። የሠራኸውን በደል ከደበቅኸው ቤትህ ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚወጣው ለበደልከው ሰው በገዛ አፍህ ስትናገር ነው። ወንጌል ከተቀበልኩ ወዲህ ብዙ ነገር ትቻለሁ፤ ይኼን አልተውኩም። መምህሩ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ጉራዬን፣ እንባዬን፣ ወረቀቱን። ቀለም የነካ ጣቴን አሳየሁት።

መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጠረገው።

"የት ላይ ነው ያለቀሱት?" አለኝ።

"ሁሉም ዝም ብለው ሴትዮዋ ብቻዋን ስትቀር።"

"እኔም እዚያ ላይ ነው።" ፈገግ ያለ መሰለኝ። "ስንት ዓመት እንግዳ ሲመጣ አስደምጣለሁ፤ ሁሉም እዚያ ሲደርስ 'ሻይ የለህም እንዴ?' ይለኛል።"

"ምን እያለች ነው?"

"ሰርጓ ነው። ሙሽራው ሳይመጣ ቀረባት። ያ የሚጮኸው ሕዝብ ሰርገኛ ነው፣ ጋሼ።"

ሰርገኛ።

መምህሩ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ቆይቶ፣ "እስቲ ያሰሙኝ" አለ፤ "ጆሮዎ የያዘውን ያህል።"

አፌን ገጥሜ አንጎራጎርኩለት። ድምፄ ሻካራ ነው፣ ቦታ ቦታውም ላይ ስቻለሁ። ከወዲያ ጥግ አንድ የካምባ ገበሬ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ እንደ አገራችን ወግ ከሥር ተቀበለኝ። ሌላው ከላይ ያዘ። ጠባቂው በሩን በሰደፍ መታ። "ዝም በሉ፣ እናንተ!" ሴትዮዋ እስክትጨርስ ድረስ አላቆምንም። መምህሩ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጉልበቱ ላይ ምቱን ይመታ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ስሙን ጠሩት። ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ወጣ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እኅቱ መጣች። አብሮት የታሰረ ሰው እያጠያየቀች እኔ ቤት ደረሰች። ባለቤቴ ጓዳ ጠርታኝ፣ "በደህና ነው የተለያየነው በላትና ሸኛት፤ ምን አስለፈለፈህ?" አለችኝ። እኔ ግን ለእኅቱ ሁሉንም ነገርኳት። ዓሣ ጠብሰን አቅርበንላት ነበር። ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ያኔ ባያለቅሱ ኖሮ ወንድሜ ይተርፍ ነበር?"

"እንጃ፣ ልጄ። ሊተርፍ ይችል ነበር።"

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ዓሣውን አልነካችውም። አልተቀየምኳትም፤ እንዴት እቀየማታለሁ?

አሁን አርጅቻለሁ። በጉራዬ ተጸጽቻለሁ፣ በወረቀቱም ተጸጽቻለሁ። ያን ዜማ በመውደዴም ልጸጸት ብዬ ተንበርክኬ ጸልዬ አውቃለሁ፤ አልሆነልኝም። ዛሬም እወደዋለሁ። ለእኅቱ ያልነገርኳት እሱን ብቻ ነው።