ሩብ ኢንች በማኒላ

ማክሰኞ፣ ከፌርፋክስ መነሻ

ማኒላ የሄድኩት ልጄ ሲለካ ለማየት ነው። ሲጫወት አላልኩም፤ ሲለካ። ይህን ለሰው ባስረዳሁ ቁጥር ወደ ኋላ መመለስ ስላለብኝ፣ እዚህም ከመነሻው ልጀምር።

ናሆም የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ነው። ዲቪ ደርሶን በሦስት ዓመቱ ይዘነው ሎስ አንጀለስ ገባን። እዚሁ አደገ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ፣ ኮሌጅም የተማረው በኳሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የፈለገው ቡድን ያለበት አገር እየሄደ የሚጫወት ሆነ። አሁን የጠራው የፊሊፒንስ ቡድን ነው። እዚያ ሊጉ ለአንድ ቡድን የሚፈቅደው አንድ የውጭ ተጫዋች ብቻ ነው፤ ያንን ተጫዋች «ኢምፖርት» ይሉታል።

የመንገድ ስንቅ ልገዛ ጋሼ መሐመድ ሱቅ ስገባ ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሼ መሐመድ የወሎ ሰው ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት እያስመጡ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሲሸጡ ብዙ ዘመናቸው ነው።

«ናሆም ኢምፖርት ሆነ» አልኳቸው።

«እሰይ። ምን ያስመጣል?»

«ምንም አያስመጣም። የሚመጣው እሱ ራሱ ነው።»

ሽሮውን መመዘን አቁመው አዩኝ። «እንግዲያ ጉምሩክ ያየዋላ» አሉ።

መቀለዳቸው ነበር፤ ግን እውነትም ጉምሩክ አለበት። የአገሬው ልጆች አጠር ስለሚሉ፣ ኢምፖርት ከስድስት ጫማ ከስድስት ኢንች እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ባዶ እግሩን አቁመው፣ ግድግዳ አስደግፈው ይለኩታል። ከበለጠ በመጣበት ይመለሳል። ናሆም ደግሞ ልክ መስመሩ ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ያልፈዋል፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል። ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል እንደሚያጥር ያወቅኩት በዚህ ሰበብ ነው። አገር ምድሩ የልጁን ቁመት ሲመኝ፣ እኔ ስለ ማጠር ስለት ተሳልኩ።

ባለፈው ዓመት ሌላ አገር ሄዶ ሁለት ጨዋታ አጫውተው አሰናብተውታል። ቤት ሲመለስ ሁለት ወር ያህል ከክፍሉ የሚወጣው ለመብላት ብቻ ነበር። ዘንድሮ «ማሚ፣ ይሄ ካልሆነ በቃ፣ ሎንግ ቢች ዌርሃውስ አፕላይ አደርጋለሁ» አለኝ። የመጋዘን ሥራ ነውር የለውም፤ አባቱ ግርማም ልብስ አልብሶ ያሳደገው እዚያው እየሠራ ነው። የፈራሁት ሥራውን አይደለም፣ ያንን ዝምታውን ነው። ስለዚህ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኩት።

አብራኝ የምትሠራው ነርሷ ቴስ ማኒላ ተወልዳ ያደገች ናት። መሄዴን ስትሰማ ደስ አላት፣ ከዚያ ፊቷ ትንሽ ከበደ። «እኛ አገር ቡድን ሲሸነፍ አሰልጣኙን አያባርሩም» አለችኝ። «ኢምፖርቱን ነው የሚያባርሩት።» ይህን ባትነግረኝ ደግ ነበር።

በአየር ላይ

መንገዱ አሥራ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ናሆም ጉልበቱ ከፊቱ ያለውን ወንበር እየገፋ፣ አንገቱን ሰብሮ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አዝንለት ነበር። ያን ቀን ግን ተጨማዶ ሳየው «እሰይ፣ ተጨማደድ» እላለሁ በልቤ። እናት ሆኜ እንዲህ አሰብኩ፤ ያሰብኩትን መደበቅ አልችልም።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ናሆም በአሥራ ሁለት ዓመቱ አባቱን በቁመት በልጦ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየው ስለሚያፍር ትከሻውን አጥፎ፣ አንገቱን ቀብሮ ይሄድ ነበር። እኔም ጀርባውን በጣቴ ጠቅ እያደረግኩ «ቀና በል» እለዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቀና በል፣ ፎቶ ስንነሣ ቀና በል፣ ባስ ስንጠብቅ ቀና በል። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ሐሙስ፣ ማኒላ

ጠዋት ደረስን። ከበሩ ስንወጣ ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊታችንን መታን። የተቀበለን የቡድኑ ሰው ሮሜል ይባላል፤ ሁሉም «ኩያ ሮሜል» ይሉታል። ኩያ ታላቅ ወንድም ማለት ነው አለኝ። ከእኛ ጋሼ ብዙም አይርቅም ብዬ ወዲያው ኩያ አልኩት፤ እሱም «ማሚ» አለኝ፤ ተግባባን።

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴሉ ያለው የመኪና ጭንቅንቅ የሎስ አንጀለስን አስመሰገነኝ። ጂፕኒ የሚሉት ረጅም፣ በቀለም ያሸበረቀ መኪና አላቸው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚከፍለውን አሥራ ሦስት ፔሶ ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ፣ እንዲህ በእጅ እየተቀባበሉ ሾፌሩ ጋ ያደርሱታል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በየጠባቡ መንደር ውስጥ፣ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ በላይ፣ የቅርጫት ኳስ ቀለበት በእንጨት ተመቶ ተሰቅሏል። ሰዎች በነጠላ ጫማ ይጫወታሉ። አገሩ ኳሱን እንዲህ ሲወድ ሳይ ይብሱን ፈራሁ። አብዝቶ የሚወድ ሰው ሲከፋውም አያድርስ ነው።

ሆቴሉ ውስጥ የሌላ ቡድን ኢምፖርት አገኘን። ዴሪክ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው፣ አራተኛ ዓመቱ ነው። ቁርስ ላይ ናሆምን «ሻንጣህን ፈታህ?» ብሎ ጠየቀው። ፈትቻለሁ ሲለው ራሱን ነቀነቀ። «ከሦስተኛው ጨዋታ በፊት ሸሚዝ አትስቀል» አለው። ናሆም ሳቀ። እኔ ግን ክፍላችን እንደገባን የሰቀልኳቸውን ሸሚዞች አውርጄ አጠፍኳቸው።

ዓርብ፣ የማሳጠር ቀን

ልኬቱ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዴሪክ ብልሃቱን ነገረን። ከዋዜማው ጀምሮ ብዙ መቆም፣ ብዙ መራመድ፣ ትከሻ ላይ ከባድ ነገር መሸከም፣ መተኛት ማሳነስ። ሰውነት የሚዘረጋው ጋደም ሲል ነው አለ።

ስለዚህ እኔና ልጄ ቀኑን ሙሉ ዞርን። ገበያ ገብተን አሥር ኪሎ ሩዝ ገዛሁና ትከሻው ላይ ጫንኩት። ሩዝ ሻጯ አንጋጣ አይታው «ኢምፖርት?» አለች። አዎ አልኳት።

«ቁመቱ ስንት ነው?»

«ስድስት ከአምስት» አልኩ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት።

ሴትየዋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እንደገና ለካችው፤ ከዚያ እኔን አይታ ፈገግ አለች። ያላመነችኝ መሰለኝ። ናሆም ከሩዙ ስር «ማሚ፣ ፕሊስ» አለ።

ምሳ መንገድ ዳር ባለ ምግብ ቤት በላን፤ እሱ ቆሞ። አዶቦ የሚሉት በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የበሰለ ዶሮ ነው፤ ከሩዝ ጋር መቶ ሃያ ፔሶ። ይጣፍጣል፤ እኔ ግን ቁርበት የማኝክ ያህል ነበር። ስናበቃ ሩዙን ለባለቤቷ ሰጠናት። ለምን እንደገዛነው ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ልኬቱ

ዘመድ ወደ ክፍሉ አይገባም። ኩያ ሮሜል ግን «ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተሽ» ብሎ በሩ ጥግ አቆመኝ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቁጥር ያለበት እንጨት፣ ከላዩ ወደ ታች የሚወርድ ክንድ። ሁለት ሰዎች ከወረቀት ጋር ተቀምጠዋል፤ አንድ ጋዜጠኛ ስልኩን ደግኗል። ከናሆም በፊት የተለካው ልጅ ገና ሲያልፍ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ለቀቀ። የሚያውቀው ሰው አልነበረም፣ ብቻውን ነው የመጣው።

ናሆም ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ትከሻው ረገብ፣ አንገቱ ገባ ብሏል፤ አየሩን ከሆዱ አስወጥቷል። በደንብ ተለማምዶታል። ክንዱ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ እናቴ ለፈተና ስሄድ እንደምትለኝ፣ ለራሴ ያህል በቀስታ «ይቅናህ» አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ልጄ ድምፄን ሰማ፤ ሰምቶም ታዘዘኝ። ጀርባው ተዘረጋ፣ አንገቱ ወጣ፣ አገጩ ተስተካከለ። ይህን ሁሉ ዓመት የለመንኩትን ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያኔ ክንዱ አናቱ ላይ አረፈ።

«ስድስት ከስድስት፣ ከሩብ» አለ የሚለካው ሰው። ሁለተኛው ጻፈ።

ናሆም ወዲያው ትከሻውን ጣለ፤ ሰውየው ግን ክንዱን ወደ ላይ መልሶታል። ኩያ ሮሜል ተከራከረ፣ በቋንቋቸው ብዙ ተናገረ። ሌላ ልኬት የሚፈቀደው ከሦስት ቀን በኋላ ነው አሉት። ሩብ ኢንች ማለት የትንሿ ጣቴ ጥፍር እንኳ አይሞላም፤ ክፍሌ ገብቼ ለክቼዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ናሆም ጫማውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ማሚ፣ ለምን ቀና በል አልሽኝ?»

«አላልኩህም።»

«ሰምቼሻለሁ እኮ። ሪላክስ አድርጌ ነበር። አንቺ ስትይኝ ሰውነቴ ጀስት... ሳላስበው ነው።»

«ይቅናህ ነው ያልኩህ፣ ናሆምዬ።»

«እሱስ ያው አይደል?»

ጫማውን ከእጁ ተቀበልኩት። አልቅሼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቡድኑ ሦስት ቀን አልጠበቀም። የመጀመሪያው ጨዋታ ማክሰኞ ስለነበር ሌላ ሰው በተጠንቀቅ አስቀምጠው ኖሯል። እሁድ ጠዋት በሊፍቱ ስወርድ አንድ ግዙፍ ልጅ ሻንጣ እየጎተተ ገባ። ሸሚዙ ላይ የናሆም ቡድን ምልክት አለ። በሩን ያዘልኝ፣ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» በሚል ዓይነት አክብሮት በእንግሊዝኛ ሰላም አለኝ። ልጠላው ፈልጌ አልሆነልኝም።

የመልስ ጉዞ

ኩያ ሮሜል እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘን። ናሆምን አቅፎ «ሰውነትህ ምንም አልጎደለውም፤ ይልቁንም ተረፈው» አለው። ናሆም አመሰገነውና ዝም አለ። ያው የማውቀው ዝምታ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሕሩን እስክናጋምስ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም የሚሆነውን አስባለሁ፤ የዘጋው በር፣ ያልተነካ ምግብ፣ ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ።

ድንገት ዞር አለ። «ሶ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ያልሽኝ ነገር።»

ነገርኩት። ሁለቱም ከአንድ ቃል ይወጣሉ፤ አንዱ ጀርባን ያቀናል፣ ሌላው መንገድን።

«ጉድ ላክ ማለት ነው?»

«ይበልጣል። ጉድ ላክ ዕድል ነው። ይሄ አንድ ሰው ስላንተ እግዚአብሔርን ሲለምንልህ ነው። ምርቃት ይባላል።»

«ምን ብዬ ነው የምመልሰው?»

«አሜን።»

ራሱን ነቀነቀና መስኮቱን አየ። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄ ከእኔ የሰማውን አማርኛ በልቤ ቆጠርኩ። ና። ብላ። ተነሥ። ዝም በል። መብራቱን አጥፋ። ቀና በል። አማርኛው አይጥፋበት ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስጨቀጭቀው ኖርኩ፣ ያደግኩበት ቋንቋ ይህ ብቻ ይመስል። ምርቃቱን ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለሌላ ሰው ልጅ እቆጥበው ነበር። ለእሱ የማዝዝበትን ሰጥቼ የምመርቅበትን ነፍጌው ኖሬአለሁ። ታዲያ ድምፄን ሲሰማ ትእዛዝ መስሎት ቀጥ ቢል ምን ያስደንቃል? ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ የከፈለበት ግን ልጄ ነው።

ሰኞ፣ ቤት

ከተመለስን ሳምንት ሆነን። በሩ ሁለት ቀን ተዘግቶ ሰነበተ፤ በሦስተኛው ተከፈተ። ዛሬ ማለዳ ከአባቱ ጋር ሎንግ ቢች ሥራ ሊጀምር ነው። ግርማ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃል። እኔ ምሳ ዕቃውን አቀብዬው «ጃኬትህን...» ልል ስል አፌን ያዝኩ።

በሩ ላይ ቆመ። ቃሉ ጠፍቶት ትንሽ ፈለገው።

«ማሚ፣ ብሌስ አድርጊኝ» አለኝ።

እጄ አናቱ ጋ ስለማይደርስ ጎንበስ አለልኝ። ጫንኩበት። ብዙ ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ባንዴ መጥቶ የቱን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ።

«ስትወጣ ስትገባ ይጠብቅህ፣ ከሰው አፍ ይሰውርህ፣ የያዝከው...»

«አሜን» አለ።

«ገና አልጨረስኩም» አልኩት።

እንደጎነበሰ ጠበቀኝ።